ሁለት ዐይን

ሲኦል በመሣል አለቃ ቢያዝንን የሚስተካከል አልነበረም። ከማንኩሳ እስከ ቡሬ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ዲያብሎስ በሰንሰለት የሚጎትታቸው፣ እባብ የተጠመጠመባቸው፣ እሳት እስከ አንገታቸው የዋጣቸው ኃጥኣን ሁሉ የእሳቸው የእጅ ሥራ ናቸው። ሕጉ የታወቀ ነው፤ ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዐይኑ ይሣላል፤ ኃጥእ ግን በጎኑ፣ ባንድ ዐይን።

ይኸው ሙያ ሰው አሳጣቸው። አለቃ ያዩትን ሰው ሲኦል ይከቱታል ተብሎ ተወራ። ገበያ ሲወጡ ሴቱ ነጠላውን ይስባል፣ ወንዱ ፊቱን ያዞራል፤ ሰላምታውም ከጎን ነው። ሚስት ልፈልግልዎ ያለ ዘመድ እንኳ ደፍሮ የሚያንኳኳው ደጅ አጣ። የእኛ ሰው እንዲህ ነው፤ ኃጢአቱን ትቶ ሠዓሊውን ይፈራል። ስምን መልአክ ያወጣዋል እንዲሉ፣ ቢያዝን ተብለው ሲያዝኑ ኖሩ።

የባድመ ጦርነት ባበቃ በዓመቱ ማንኩሳ አጠገብ ያለ የአንድ ደብር አስተዳዳሪ፣ ሲኦሉ ይበቃናል፣ ከትይዩው ግድግዳ ላይ ደግሞ ጻድቃንን ለንግሡ ያድርሱልን አሏቸው። አለቃ ደስ አላቸው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሸራ ፊት ሲቆሙ ግን እጃቸው ከዳቸው። የነኩት ፊት ሁሉ ወደ ጎን ይዞራል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፊት ለፊት ያያቸው ሰው የለምና የሰው ሁለት ዐይን እንዴት እንደሚያይ ጠፍቶባቸዋል። ለማን ይናገሩት?

ለንግሡ ሳምንት ሲቀረው ባሏ ባድመ የቀረባት ሀብትነሽ የምትባል ሴት መጣች። ነጠላዋን አልሳበችም። ቀጥ ብላ አየቻቸው።

«አለቃ፣ ባሌን ከሲኦል ያውጡልኝ።»

በዚያው ደብር በሣሉት ሲኦል ከኃጥኣኑ አንዱ ጉንጩ ላይ ጠባሳ ነበረበት፤ ባሏም እንደዚያው ነበር አሉ። አለቃ ሰውየውን አይተውት አያውቁም። ጠባሳ የተባለውም ድንገት የፈሰሰ ቀለም ነው። ይህን ቢነግሯት ግን አመስግና ትሄዳለች፤ ቀጥ ብሎ የሚያያቸው ዐይኗም አብሯት ይሄዳል። እናም በቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ዋሹ።

«እንዳልሳሳት መልኩን ንገሪኝ» አሏት።

ሦስት ቀን እየተመላለሰች፣ ለትይዩው ግድግዳ ጀርባዋን ሰጥታ ከሥሩ ተቀምጣ ነገረቻቸው። ስለ አረማመዱ፣ ስለ ቀረርቶው፣ በሬ ሲጠምድ ስለሚያወጣው ቁጣ። እያወራች ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ዐይኗን ግን ከእሳቸው አትነቅልም። እሳቸውም እየሰሙ ከራሷ በላይ ይሥላሉ። እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሏቸው አያውቅም።

በአራተኛው ቀን ከዚያ በላይ መዋሸት ከበዳቸውና ጠባሳውን በቀለም ሸፈኑት። ሀብትነሽ አየች፤ መሬት ስማ ተነሣች። ባሏ ከወጣላት በኋላ ግን የራሷ ፍርሃት መጣባት መሰል፣ ነጠላዋን ስባ ፊቷን አዞረች። ከጎን አንድ ዐይኗ ብቻ ታየቻቸው።

«እኔን ግን እንዳይሥሉኝ አደራ፣ አለቃ።»

«እሺ» አሉ።

ትይዩውን ግድግዳ ሳታይ ወጣች። ቀለማቸው ያልደረቀ ጻድቃን ሁሉ በሀብትነሽ ዐይኖች አለቃን ቀጥ ብለው ያዩዋቸው ነበር።