ኦርቪል ናዲንን ያስዋሻት ቀን

ኦርቪል ስትሪክለር ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እንዳትፈርዱበት ብዬ አይደለም፤ ስትፈርዱበት እኔንም አብራችሁ እንድትፈርዱብኝ ነው።

ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የከተማችን የሃርሞን ክሪክ በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች አለቃ ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላም ዋና ሥራውን አልተወም። ከከተማችን አንድ ሰው ታሞ የሆስፒታሉ ዕዳ አንገቱን ሲያንቀው፣ ኦርቪል የበሽተኛውን ፎቶ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ላይ ለጥፎ ሰው ገንዘብ እንዲጥልበት ነዳጅ ማደያው ባንኮኒ ላይ ያስቀምጠዋል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት የእሳት አደጋ መኪኖቹ ከጋራዡ ይወጣሉ፣ ጠረጴዛ ይደረደራል፣ ፓንኬክ ይጋገራል፣ የበላ ሁሉ የቻለውን ይከፍላል። የሰባኪውን ዳሌ፣ የፖስተኛውን ልብ፣ የሁለት ሕፃናትን ካንሰር በፓንኬክ አሳክመናል ብሎ ይኮራ ነበር። ጉራው ትንሽ ይበዛል፤ ግን ሠርቶ ጉራ የሚነዛን ሰው ማን ይቆጣል?

እኔ ቋሊማ እጠብሳለሁ። ልጄ ሎሬታ ሳህን ታመላልሳለች። አጠገቤ ቆማ ሊጡን የጋለው ብረት ላይ የምታፈሰው ናዲን ፕሩት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል፣ ስልሳ አራት ሊሞላት ነው፣ የተማሪዎች ምግብ ቤት ውስጥ ግማሽ ቀን ትሠራለች፤ አንድም ቅዳሜ ቀርታ አታውቅም። የሕክምና ኢንሹራንስ አልነበራትም። ባሏ ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ሲዘጋ ኢንሹራንሱም አብሮ ቀረ። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ማናችንም ግን አስበንበት አናውቅም።

ያ ዓመት አገር ሁሉ ስለ ሕክምና ዋጋ የሚነታረክበት ዓመት ነበር። መንግሥት እጁን ያስገባ የሚለውና መንግሥት እጁን ይሰብስብ የሚለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ አብረው መቀመጥ ትተዋል። ነሐሴ ላይ የምክር ቤት ተመራጫችን ሕዝቡን ሊያዳምጥ መጣና በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ተሰበሰብን። አንዱ ይጮኻል፣ ሌላው የሕገ መንግሥቱን ቅጂ ያውለበልባል። ኦርቪል ማይክሮፎኑን ሲይዝ ግን ሁሉም ዝም አለ።

መንግሥት አያስፈልገንም አለ። የወደቀ ሰው ካለ እኛው እናነሳዋለን አለ። አምና የራሱን ጉልበት ያስቀየረው መንግሥት ስልሳ አምስት ዓመት ለሞላው ሁሉ በሚሰጠው የሕክምና ካርድ መሆኑን ረስቶታል። እኔም አላስታወስኩትም፤ የእኔዋ ካርድ ኪሴ ውስጥ ነበረች። እዚያ ላይ ቢቀመጥ ምን ነበረበት? አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ዞረ።

«ናዲን፣ እስቲ አንቺ ተናገሪ። ያን ሁሉ ፓንኬክ የጋገርሽው አንቺ ነሽ። እዚህ ከተማ ገንዘብ አጥቶ ሳይታከም የቀረ ሰው ታውቂያለሽ?»

አራት መቶ ሰው ዞሮ አያት። ተነሳች። ቦርሳዋን በግራ እጇ ጨበጥ አድርጋ፣ ኦርቪልን ሳይሆን ወለሉን አየች።

«አላውቅም» አለች።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ።

በግራ እጇ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከሚያዝያ ጀምሮ ሊጡን የምትጨልፈው በግራዋ ነበር። «ምነው ናዲን፣ አንቺም ወደ ግራ ክንፍ ዞርሽ እንዴ?» እያልኩ እቀልድባት ነበር። «ቀኜ አርጅቶ ነው፣ አንተን መስሎ» ትለኛለች፤ እንሳሳቃለን። ለካ ቀኝ ብብቷ ሥር እብጠት ነበረባት።

ኅዳር ላይ ለሌላ በሽተኛ ስትጋግር ወደቀች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ሲባል ድሮ ያስቀኝ ነበር፤ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አያስቀኝም። ሐኪሞቹ ምነው ከስድስት ወር በፊት በመጣሽ አሏት። በማግስቱ እኔና ኦርቪል ልንጠይቃት ሄድን። ኦርቪል የለመደውን አለ፦ ትልቅ ቅዳሜ እናዘጋጅልሻለን፣ የጎረቤት ከተሞችንም እንጠራለን።

«ስልሳ አምስት ሊሞላኝ አሥራ አንድ ወር ነው የቀረኝ» አለች። «ያኔ እኔም እንደናንተ ካርዷን አገኛለሁ ብዬ ቀን ስቆጥር ነበር።»

«ለምን አልነገርሽንም?»

«ለሰው ስጋግር ሰው ስለ በሽተኛው የሚያወራውን እሰማለሁ፣ ኦርቪል። ሲጋራውን ትቶት ቢሆን ኖሮ ይላሉ። መኪና መግዣ ከየት አመጣ ይላሉ። እንዲያ ሲሉኝ መስማት አልፈለግሁም።»

ስለ ሲጋራው የተናገርኩት እኔ ነኝ። በፖስተኛው ቅዳሜ፣ ቋሊማ እያገላበጥኩ። እሷ ግን ወደ እኔ አላየችም፤ ያ ደግሞ ብታየኝ ከሚሰማኝ ባሰ።

«ያን ቀን ስጠይቅሽስ?» አላት ኦርቪል።

«አራት መቶ ሰው ፊት ጠይቀኸኝ ምን ልበልህ? ለብቻችን ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።»

ፓንኬኩ ተጋገረ። እንደዚያ ያለ ሕዝብ ወጥቶ አያውቅም፤ ሰልፉ እስከ ድልድዩ ደረሰ። በሽታው ግን ቀድሞን ነበር። መጋቢት ላይ ቀበርናት።

በሚቀጥለው ነሐሴ ተመራጩ ተመልሶ መጣ። ያው አዳራሽ፣ ያው ጩኸት። የኦርቪል ተራ ሲደርስ ሰው እጁን ለጭብጨባ አዘጋጀ። እሱ ግን ስለ መንግሥትም ሆነ ስለ ሕክምና ዋጋ አንድም ነገር አልተናገረም።

«አምና እዚህ ቆሜ አንዲት ሴት ጠይቄ ነበር» አለ። «የመለሰችልኝ ውሸት ነው። ያስዋሸኋት እኔ ነኝ። ዛሬ ማንንም እዚህ አልጠይቅም። ገንዘብ አጥቶ ሳይታከም የቀረ፣ የሚነግረኝ ያለው ሰው ካለ ውጭ መኪናዬ ጋ አለሁ።»

ማንም አላጨበጨበም። እኔም እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ስብሰባው ሲያበቃ አብሬው ወደ ቤት ልሄድ ወደ መኪናው አመራሁ። ሦስት ሰዎች እዚያ ቆመዋል፤ እርስ በርስ ተራርቀው፣ አንዱ ሌላው እስኪሄድለት እየጠበቀ። አንዱ የማደያው ሠራተኛ ነበር። ሁለተኛውን በመልክ ብቻ አውቀዋለሁ። ሦስተኛዋ ልጄ ሎሬታ ነበረች። መምጣቴን ስታይ መሬት መሬቱን አየች።