ከመጣልሽ በፊት በይው

ባለፈው ጥቅምት ከሥራ ስመለስ በዴን ሃግ አንድ የስፖርት ሜዳ ጥግ በብስክሌት ሳልፍ፣ ከአጥሩ ማዶ «እኔን!» የሚል የሴት ልጅ ድምፅ ሰማሁ። ፍሬን ያዝኩ። በዚያ ሰፈር ሀበሻ መኖሩን አላውቅም። ማን ወደቀ፣ ማንስ አዘነለት ብዬ በቁጥቋጦው መሀል ሳጮልቅ፣ ጭቃ በጭቃ የሆኑ ልጃገረዶች በሞላላ ኳስ ይጫወታሉ። ቃሉ የወጣው ፀጉሯን ሁለት ቦታ ከጎነጎነችና አፍንጫዋ በብርድ ከቀላ የደች ልጅ አፍ ነበር። አንድ እግሬን መሬት አስነክቼ ቆሜ ቀረሁ። ያ ቃል እዚያ ሜዳ ላይ እንዴት እንደገባ አውቃለሁና።

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ዴን ሃግ ቢሆንም ቤታችን አምስተርዳም፣ ኦስዶርፕ ነበር። እናቴ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ስለነበረች ቀን ትተኛለች። የፎቁ ግድግዳ ደግሞ ስስ ነው። ስለዚህ እኔና ታናሽ ወንድሜ በካልሲ መሄድ፣ በር በሁለት እጅ መዝጋት፣ በሹክሹክታ መጣላት ተምረን አደግን። በሹክሹክታ ጠብ የሚያሸንፈው ቀድሞ የቆነጠጠው ነው። ሰዎች ዓይናፋር ይሉኝ ነበር። ልክ ናቸው። ግን ጉሮሮዬም ጩኸት አልለመደም።

በዚያ ሜዳ የሚለማመደው የራግቢ ሊግ ክለብ ውስጥ ያስገባችኝ የክፍል ጓደኛዬ ናዲያ ናት። የሞሮኮዎች ልጅ፣ የኦስዶርፕ ጎረቤቴ፣ በባቡር አብራኝ የምትመላለስ፣ ለሁለታችንም የሚበቃ አፍ ያላት። ጨዋታው ሲያዩት ያስፈራል እንጂ ሕጉ ቀላል ነው። ኳስ ይዛ የምትሮጠውን ወገቧን ወይም እግሯን አቅፈሽ ትጥያለሽ። የወደቀችው ተነስታ ኳሱን በእግሯ ወደ ኋላ ለጓደኛዋ ታንከባልላለች። ስድስት ጊዜ ከጣልናቸው ኳሱ የኛ ይሆናል። መጣሉን ቻልኩበት፤ ዝም ተብሎ የሚሠራ ሥራ ነውና። ያቃተኝ መጥራቱ ነበር። ተከላካዮች በረድፍ ሲቆሙ፣ አንዷ «ይቺ የኔ ናት» ብላ ካልጮኸች ሁለት ሰው በአንዷ ላይ ይረባረብና ሌላዋ ባዶ ሜዳ ታገኛለች። እኔ «የኔ ናት» ስል ፈቃድ የምጠይቅ ይመስል ነበር። አሠልጣኛችን ማርሉስ ከሜዳው ዳር «ሃርደር!» ትለኛለች፤ በደች «ጮክ በይ!» ማለቷ ነው። ሁለት ክረምት ሙሉ በዝናብ ውስጥ «ሃርደር!» ስትለኝ ከረመች።

በሁለተኛው ዓመት ግንቦት፣ ሮተርዳም ውስጥ የሴቶች ውድድር ተዘጋጀና ክለቦች ከየአገሩ መጡ። ነፋሱ ባንዲራዎቹን ያንጫጫቸዋል፤ የሚጠበሰው ድንችና ሽንኩርት ሽታ እስከ መልበሻ ክፍሉ ይደርሳል። የመጀመሪያው ጨዋታ ከፈረንሳዮች ጋር ነበር። አንዲት ፈጣን ልጅ ኳስ ይዛ ስትመጣ ዝም ብዬ ሮጥኩባት። ናዲያም ሮጠች። ልጅቷ በመሀላችን ሾልካ አለፈች፤ እኛ ግንባርና ከንፈር ተጋጨን። የኔ ግንባር፣ የናዲያ ከንፈር። ተሸነፍን።

ማርሉስ ወደ ጎን ወሰደችኝ። «ማህሌት፣ ስትጥዪ በሬ ነሽ፤ ስትጠሪ ግን የለሽም። ለሦስተኛ ደረጃ በምንጫወተው ጨዋታ እስከ ዕረፍት ድረስ ድምፅሽን ካልሰማሁ ትወጫለሽ። አዝናለሁ፤ የናዲያ ከንፈር ከዓይናፋርነትሽ ይበልጥብኛል።»

አላለቀስኩም። የጫማዬን ክር ፈትቼ እንደገና አጠበቅሁ። ያን ሁሉ ዝናብ የጠጣሁት ተቀምጬ ለማየት አልነበረም።

ሁለተኛው፣ የሦስተኛ ደረጃው ጨዋታ፣ ከሰርቦች ጋር ነበር። ገና እንደተጀመረ አንዲት ረጅም ልጅ ጉልበቷን አቅፌ ጣልኳት። ጀርባዋ መሬት ሲመታ ትንፋሿ ጆሮዬ ላይ ወጣ። ያን ጊዜ ሳላስበው «እኔን!» አልኩ። እናቴ እንቅፋት በመታን ቁጥር፣ ማንቆርቆሪያ እንኳ ሲወድቅ የምትለው ቃል ነው፤ ከአፌ ያመለጠኝ ሳይጠራ ነበር።

ናዲያ ባበጠ ከንፈሯ «ምን አልሽ?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ሰማሁሽ እኮ!»

«ሰው ሲወድቅ የሚባል ነው። በሱ ፈንታ እኔን ይጣለኝ ለማለት…»

«የጣልሻት አንቺ ነሽ እኮ!» ከንፈሯ እንደገና እስኪደማ ሳቀች። ከዚያ ወደ ረድፉ እየሮጠች ዞር ብላ፣ «ከጣልሻት በኋላ ማዘኑ ምን ያደርግላታል? ከመጣልሽ በፊት በይው!» አለችኝ።

አልኩት። መጀመሪያ በቀስታ፣ ቀጥሎ ከሆዴ። ቃሉ መንገዱን ያውቅ ስለነበር ጉሮሮዬ ላይ አልቆመም። ማርሉስ የማታውቀውን ቋንቋ ሰምታ አንገቷን ዘንበል አደረገች፣ በዕረፍቱም ስለ መውጣት ምንም አላነሳች። ከዕረፍት በኋላ ናዲያም በተራዋ «ኤነን!» ትል ጀመር።

እናቴ የመጣችው በዚህ መሀል ነው። ከሥራ ወጥታ፣ ሳትተኛ፣ በአይስክሬም ዕቃ ዳቦ ቆሎ ይዛ። ከየትኛውም ወገን ሰው በወደቀ ቁጥር «እኔን! እኔን!» ትላለች።

«ማነው የጠራው?» ናዲያ ተደናበረች።

«እናቴ ናት፤ አትስሚያት!»

መጨረሻ ላይ የምንመራው በጥቂት ነጥብ ሆኖ፣ ሰርቦቹ ነጥብ ከሚቆጠርበት መስመራችን ደጃፍ ደረሱ። አምስት ጊዜ ጥለናቸዋል፤ አንድ ቀርቷቸዋል። ያቺ ረጅም ልጅ በኔና በናዲያ መካከል መጣች፤ ከጎኗም ኳስ የምትጠብቅ ሌላ ነበረች። የኦስዶርፕ ቤታችን ግድግዳ ሁሉ የሚፈርስ በሚመስል ድምፅ «እኔን!» ብዬ ጮህኩ። ናዲያ አላመነታችም፤ ረጅሟን ለኔ ትታ ሌላዋን ያዘች። የረጅሟን እግር አቀፍኩ፣ አፌ ጭቃ ሞላ፣ ኳሱ ከመስመሩ አንድ ክንድ ሲቀረው ወደቅን። የማብቂያው ፊሽካ ተነፋ።

እናቴ አጠገቤ መጥታ ፊቴን በነጠላዋ ጠረገች። «ያ ድምፅ ያንቺ ነው?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«እኔን ልጄ! ይሄን ሁሉ ዘመን የት ደብቀሽው ነው?»

እንቅልፍሽ ውስጥ፣ ልላት ፈልጌ ነበር። ዳቦ ቆሎውን ጎረስኩ።

ባለፈው ጥቅምት ብስክሌቴን ይዤ አጥሩ ጋ እስክቆም ድረስ፣ የዚያ ቀን ነገር እዚህ ሜዳ ላይ እንደቀረ አላወቅሁም ነበር። ባለጉንጉኗ ልጅ ውኃ ልትጠጣ ወደ አጥሩ ስትጠጋ፣ የምትጠራው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኋት።

«የክለባችን ነው» አለች። «‹ይቺን ለኔ ተዉልኝ› ማለት ነው።»

ላርማት አፌን ከፈትኩ፤ ቃል በቃል የመተርጎም አመል አለብኝ። ሳስበው ግን የማርመው ነገር አጣሁ። እናቴም ዕድሜዋን ሙሉ ስትል የኖረችው ይህንኑ ነበር።

ጨዋታው ቀጠለ። ልጅቷ እንደገና ጠራች፤ ድምፅዋን ነፋስ በላውና ጓደኛዋ ሳትሰማ ቀረች። በብስክሌቱ መርገጫ ላይ ቆሜ ከቁጥቋጦው በላይ ብቅ አልኩ።

«ሃርደር!»

ውሻ ይዞ የሚያልፍ ሰውዬ ደንግጦ ዞረ። አላፈርኩም።