የእሜቴ ጉቶዎችና የእኛ ሜዳ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ነገሩ ስለ ጉቶ ነው። ሰው ስለ ጦርነትና ስለ ታላላቅ ሰዎች በሚጽፍበት አገር፣ ስለ ተቆረጠ ባሕር ዛፍ ቅሪት ብዕር ማንሣት አንባቢን መድፈር እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ነገር ግን ሌላ ነገር ልጻፍ ብዬ ስቀመጥም የሚመጣብኝ ያው ሜዳ ነው፤ ከሜዳውም ጋር ንዴቱ። ስለዚህ ጽፌ ልገላገለው።

ሜዳችን የነበረው ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። በዚያ ሁሉ አቀበት ላይ ኳስ ቢያስቀምጡበት ወደ ታች የማይንከባለልበት ቦታ እሱ ብቻ ነበር። ቀድሞ ትልልቅ ባሕር ዛፎች አልፎ አልፎ የቆሙበት መሬት ነው፤ ባለርስቱ ግራዝማች በወጣትነታቸው በእጃቸው የተከሏቸው ዛፎች ናቸው ይባላል። ግራዝማች ከሞቱ በኋላ መሬቱ የባለቤታቸው ሆነ። ሰፈሩ ሁሉ «እሜቴ» ይላቸዋል። እሜቴ ዛፎቹን ለእንጨት ነጋዴ ሸጠው ቦታው በተመነጠረ ሰሞን፣ ታላቅ ወንድሜ የሰፈሩን ልጆች አስከትሎ ደጃቸው ቆመና ኳስ እንድንጫወትበት ለመናቸው።

«ተጫወቱ» አሉ እሜቴ። «ጉቶዬን ግን እንዳትነኩ። ጉቶ የሞተ እንዳይመስላችሁ፤ የተኛ ነው። እኔ የፈለግሁ ዕለት ይነሣል።»

ባሕር ዛፍን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ቆርጠውት አይገላገሉትም። ከጉቶው ዙሪያ ያቆጠቁጣል፤ ክረምት ላይ አንድ ሳምንት ከተዘናጉ ጉልበት፣ ሁለት ሳምንት ከተዘናጉ ወገብ ይደርሳል። እሜቴ በደግነታቸው ቀንበጡን በእጅ እንድንለቅም ፈቀዱልን። መጥረቢያ ይዞ የተገኘ ግን ከመሬታቸው ይባረራል። እናም ሌሎች ቡድኖች ቅዳሜ ቅዳሜ ሲሮጡና ሲለማመዱ፣ እኛ ጎንበስ ብለን ቀንበጥ እንለቅም ነበር።

«ጋሼ፣ እኛ መቼ ነው የምንለማመደው?» እለዋለሁ ወንድሜን። የቡድኑ አምበል እሱ ነው።

«መጎንበስ ለወገብ ጥሩ ነው» ይለኛል።

ሰኞ ትምህርት ቤት ስገባ እጄ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸታል። አስተማሪያችን አጠገቤ ሲደርሱ ቆም ይሉና፣ «አንተ ልጅ፣ ይኼ ጉንፋን አልለቅህም አለ እንዴ?» ይሉኛል። የታጠንኩ እየመሰላቸው ነው። ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ስለ ጉቶው፣ ስለ እሜቴ፣ ስለ ቀንበጡ። በመጨረሻ «አዎን፣ ጉንፋን ነው» ማለት ቀለለኝ።

በሜዳው ላይ ዐሥራ አንድ ጉቶ ነበረ። ቁጥሩ ዐሥራ አንድ በመሆኑ የደረሰብንን ልናገር አልችልም። ከቀበና የሚመጡት ልጆች ገና ዳገቱን ሳይጨርሱ ይጀምራሉ።

«ዛሬስ ሁላችሁም ተሰልፋችኋል ወይስ የታመመ ጉቶ አለ?»

«እኛ ዐሥራ አንድ፣ እናንተ ሃያ ሁለት። ፍትሕ የለም በዚህ አገር።»

«ተዋቸው፣ ያኛው የመሀሉ ብቻ ነው ተጫዋች። ሌሎቹ እንደ ሰዎቹ ናቸው፤ ቆመው ነው የሚውሉት።»

የመሀሉ ጉቶ ከሁሉም የሰፋው ነው። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ጥንትም የሚያርፉበት እሱ ላይ ነበር። ጨዋታ ቢኖርም ባይኖርም መጥተው ሸክማቸውን አስደግፈው ይቀመጣሉ። ዳኛው ፊሽካ ይነፋል፤ እኛም ቆመን እንጠብቃለን።

«እናቴ፣ ጨዋታ ላይ ነን እኮ» ይላል ወንድሜ።

«ታዲያ ተጫወቱ፤ ማን ከለከላችሁ?» ይላሉ።

ሸክም የያዘችን ሴት ተነሺ አይሉም። ላባቸው እስኪደርቅ ጠብቀን፣ ኳሷን ከቆመችበት አስነሥተን እንቀጥላለን። አንዳንዴ ተጋጣሚዎቻችን ሊያገቡብን ጥቂት ሲቀራቸው ሴቶቹ ደርሰው ያድኑናል፤ ብዙውን ጊዜ ግን እኛ ልናገባ ስንል ነው የሚደርሱት።

እኔ በረኛ ነበርኩ። ከዐሥራ አንዱ ጉቶ አንዱ ከጎሌ አፍ በስተግራ፣ ክንዴን ብዘረጋ በምነካው ርቀት ላይ ነው። በዚህ ጉቶ ሁለት ጊዜ የእግሬ ጥፍር ተነቅሏል፤ ሦስት ኳስ ተቀዷል፤ የውስጥ ላስቲኩን፣ ከመነዳሪውን፣ የምለጥፈው ደግሞ እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ በትዕግሥት ችዬ ሳለ አንድ እሑድ የቀበናው አጥቂ ብቻውን መጣብኝ። ወደ ቀኝ ተወረወርኩ፤ ኳሷ ወደ ግራ ሄደች፤ ጉቶው ላይ ነጥራ ሜዳው መሀል ተመለሰች። ተመልካቹ በሳቅና በእልልታ አንድ ሆነ። ወንድሜ ሮጦ መጣና፣ እኔን አልፎ፣ ጉቶውን ቸብ ቸብ አደረገው።

«ጎበዝ» አለው።

በዚያ ጨዋታ ቢያንስ አምስት ኳስ አድኛለሁ። ሳምንቱን ሙሉ በሰፈሩ የተወራው ግን ስለ ጉቶው ነው። እናቴ እንኳ «ያ ጉቶ ባይኖር ምን ይውጣችሁ ነበር?» አለችኝ።

እሜቴ ከየጨዋታው አይቀሩም። ከሜዳው ዳር በርጩማቸው ላይ ጥላቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። በመጀመሪያው ዓመት የሚመጡት ጉቶ ለመጠበቅ ነበር፤ «አንተ ቀይ ካልሲ፣ እግርህን ከጉቶዬ ላይ አንሣ» ሲሉ ከአቀበቱ ሥር ይሰማል። በሁለተኛው ዓመት ግን ኳሱንም መከታተል ጀመሩ። በሦስተኛው ዳኛውን ይሰድቡ ነበር። ወንድሜ ይህን አይቶ ልባቸው የራራ መሰለው። የጉቶውን ነገር አንሥቶ በጠየቃቸው ቁጥር ግን መልሳቸው አንድ ነው፦ «የግራዝማችን እጅ ሥራ አላስነቅልም።»

ወንድሜ ለምን ያን ያህል እንደሚጠይቃቸው ልናገር። ጋራዥ ውስጥ ነበር የሚሠራው፤ ዕድሜው ከእኛ ከሁላችንም ገፋ ያለ ነው። በሕይወቱ አንድ ጊዜ፣ ቁጥር ያለው ማሊያ ለብሶ፣ ቡድኑን ወደ እውነተኛ ውድድር ማስገባት ይፈልግ ነበር። ሌላ ምኞት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። «አንድ ዓመት ልጫወት። ከዚያ በኋላ እናንተ ትቀጥላላችሁ» ይል ነበር። ውድድሩን የሚያዘጋጀው ኮሚቴ ደግሞ የራሱ ሜዳ የሌለውን ቡድን አይመዘግብም።

ከኮሚቴው አንድ ባለ ባርኔጣ ሰው ሜዳውን ሊያዩ መጡ። በእርምጃ መለካት ጀመሩ። ሦስተኛው ጉቶ ጋ ሲደርሱ ተሰናክለው ባርኔጣቸው ወደቀ።

«ይኼ ሜዳ አይባልም» አሉ ባርኔጣቸውን እያራገፉ። «ጫካ ነው። ጉቶው ሲነቀል ጥሩኝ።»

ወንድሜ የመጨረሻ ያለውን ዘዴ ያሰበው ያን ጊዜ ነው። ሽማግሌ ላከ። ለጉቶ ሽማግሌ ሲላክ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ሦስት አዛውንት ነጭ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው እሜቴ ቤት ገቡ። እኔና ወንድሜ በር ላይ ቆመን እንሰማለን። አፈ ጉባኤው የዕድራችን ዳኛ ነበሩ፤ በሕይወታቸው የላካቸው ሁሉ ሚስት እንዲጠይቁለት ነው።

«እሜቴ፣ ቁመን የምንናገረው ጉዳይ አለን» ብለው ጀመሩ። «ልጃችንን ልጅ እንዲያደርጉልን… ማለቴ፣ ጉቶዎቹን እንዲፈቅዱልን ነው የመጣነው።»

እሜቴ አልሳቁም። «ሁሉንም በአንድ ጊዜ?» አሉ።

«ባይሆን ሦስቱን። የጎሉ አፍ ላይ ያለውን፣ የመሀሉን፣ እና ሰውዬውን የጣለውን።»

«ዘመድ ላማክር። በሳምንቱ ተመለሱ።»

በሳምንቱ ተመለሱ። ዘመድ ገና አልተሰበሰበም ተባሉ። በሌላው ሳምንት እሜቴን አሟቸዋል። ከዚያ ጾሙ ገባ፤ በጾም እንዲህ ያለ ነገር አይነሣም ተባለ። ወንድሜ በየሳምንቱ ሽማግሌዎቹን ለማግባባት ከወዲያ ወዲህ ይመላለሳል፤ እኔ ደግሞ ያለ እሱ ቀንበጥ እለቅማለሁ። ሴት ልጅ ቢጠይቅ ኖሮ እስከዚያ ጊዜ ተድሮ ነበር።

ነገሩን የቋጨው ልመና አልነበረም። በአራተኛው ጉብኝት የዕድሩ ዳኛ መረራቸውና፣ «እሜቴ፣ ሰውዬው እኮ መሬትዎን ጫካ ነው ብሎ ሄዷል» አሉ።

እሜቴ ከተቀመጡበት ቀና አሉ።

«ማንን?»

«ይኼንኑ መሬት። ሜዳ አይባልም፣ ጫካ ነው አለ።»

«ግራዝማች አሳምረው ያስደለደሉትን መሬት?» አሉ እሜቴ። «ጫካ?»

በማግስቱ ጠዋት ዶማና መጥረቢያ የያዙ አራት ሠራተኞች ሜዳው ላይ ነበሩ። እሜቴ በርጩማቸውን መሀል ሜዳ አድርገው በኦሮምኛ ያዟቸዋል፦ ከዚህ ቆፍሩ፣ ሥሩን አትተዉ፣ አፈሩን መልሱ። ሦስቱን አይደለም፤ ዐሥራ አንዱንም አስነቀሉ። ለዓመታት በጣታችን ስንለቅም የኖርነው ነገር በሰባት ቀን አለቀ። ወንድሜ ከሥራ እየተመለሰ ጉድጓዱን ይደለድላል፤ ፊቱ ላይ ያን ያህል ደስታ አይቼ አላውቅም። ባለ ባርኔጣው ሰው ዳግም መጡ፤ ከዳር እዳር ተራመዱ፤ ምንም አልጣላቸውም። ተመዘገብን።

የመጀመሪያው የውድድር ጨዋታችን ግንቦት ላይ ነበር። ወንድሜ ስምንት ቁጥር ማሊያ ለበሰ። አንድ ለአንድ ወጣን። የገባብኝ ጎል፣ አንባቢ ይመነኝ፣ ጉቶው ድሮ በነበረበት በኩል ነው ያለፈው፤ ሰፈሩም ይህን ሊነግረኝ አልረሳም። ነገር ግን ልናገር የፈለግሁት ስለ ጎሉ አይደለም።

በዕረፍት ሰዓት ሙሉ ልብስ የለበሱ አንድ ሰው ከመኪና ወርደው ከጎሌ ጀርባ ይራመዱ ጀመር። ሲራመዱ ይቆጥራሉ። ወንድሜ ከኮሚቴው የተላኩ መሰለው፤ ለነገሩ እኔም መስሎኛል። ላቡን ጠርጎ እጅ ነሣቸው።

«ሜዳው ደልዳላ ነው፣ ጌታዬ» አላቸው።

«ውኃ አይተኛበትም?»

«በፍጹም። ክረምት ከበጋ ደረቅ ነው።»

«ድንጋይስ?»

«ድንጋይ የለውም። ጉቶም አልቀረበትም፤ ሥሩ ጭምር ነው የተነቀለው። ከፈለጉ ያስቆፍሩት።»

«መንገዱ ለመኪና ይመቻል?»

«የእርስዎ መኪና ገብታ የለም?» አለ ወንድሜ፣ ፈገግ ብሎ።

ሰውዬው ሳቁ። አመስግነው፣ እጁን ጨብጠው ሄዱ። ወንድሜ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አየህ፣ ሰውን አክብረው ካናገሩት ነገር ይሠምራል» አለኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለልምምድ ስንወጣ ሜዳው ላይ ችካል ተተክሎ ገመድ ተወጥሮበታል። አንደኛው ችካል ጎሌ አፍ ላይ ነው። ወደ እሜቴ ቤት ወረድን። ደጃፋቸው ላይ ነበሩ፤ ቀና ብለው አላዩንም።

«ጉቶ ሳለበት ደን ነበር» አሉ። «ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አሁን ባዶ መሬት ሆነ። ባዶ መሬት የያዘች መበለት ስንት ቀን ትከርማለች? ልጆቼም በመኪና ከመጣው ገዢ ጋር ወገኑ። ቪላ ይሠራበታል አሉ።»

«እሜቴ፣ ውድድሩ ገና መጀመሩ ነው» አለ ወንድሜ።

«እኔ ውኃ ይተኛበታል ብዬው ነበር፤ እንዲሄድልኝ። ሳቀብኝ። የልጆቹ አለቃ በገዛ አፉ አይተኛም ብሎኛል አለኝ።»

 እኔ ወንድሜን ላለማየት ወደ ሌላ ተመለከትኩ።

ከዚያም እሜቴ በራጉኤል መንገድ ሌላ የተቆረጠ ቦታ እንዳላቸው ነገሩን። «ጉቶ አለው» አሉ። «እናንተ ተጫወቱበት። ይኼኛውን ግን ማንም ቢሰድበው አላስነቅልም።» ቦታውን ሄደን አየነው። ኳስ ሲያስቀምጡበት ይንከባለላል።

ኮሚቴው ሜዳ የለውም ብሎ ቡድናችንን ሰረዘ። ወንድሜ ከዚያ ወዲህ አልተጫወተም። ታኬታውን ለእኔ ሰጠኝ፤ ይጠበኛል፤ ይጠበኛል ብዬ ብነግረው ግን አይሰማኝም፣ «ይለቃል» ነው የሚለኝ። የጎሉን እንጨቶች ራሳችን እንድንነቅል ተነገረን፤ ነቀልናቸው። እሜቴ ያለ በርጩማ ቆመው አዩን። የተነቀሉት ጉቶዎች ለማገዶ ዳር ላይ ተከምረው ነበር። ወንድሜ ከክምሩ ውስጥ የጎሉን አፍ ጉቶ መረጠና እሜቴን በዓይኑ ጠየቃቸው። በእጃቸው ውሰድ አሉት። እየተቀባበልን እስከ ቤት ተሸከምነው።

እስከ ዛሬ ግቢያችን ውስጥ ነው። መጥረቢያ አይፈልጠውም፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይሰናከልበታል፤ እናቴ ይውጣልኝ ትላለች፤ ወንድሜ ደግሞ ከሥራ ሲመለስ ሄዶ ይቀመጥበታል። ዐሥራ አንዱም እንደተተከሉ ቢቀሩ ኖሮ ሜዳችን ዛሬም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ስንረግማቸው ሲጠብቁልን የኖሩት እነሱ ነበሩ። ይህን ለወንድሜ ነግሬው አላውቅም፤ የሚያውቀው ይመስለኛል።

የጎሉን እንጨት የነቀልነው ቅዳሜ፣ ቀንበጥ በምንለቅምበት ቀን፣ ሰኔ 17 ቀን 1959 ዓ.ም. ነው።