ለእንግዶች የተወዛወዙ ክንዶች

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ ቢቸና ሳስተምር፣ የመምህራን የመዝሙር ቡድን አቋቁሙ ተባልን። መሪያችን ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ የሙዚቃ መምህር ነበር። የተማረው የአንድ ክረምት ኮርስ ነው፤ ኩራቱ ግን ለአንድ ኮሌጅ ይበቃል።

«ድምፅ የሚወጣው ከእናንተ ጉሮሮ አይደለም፤ ከእኔ ክንድ ነው» አለን ገና በመጀመሪያው ቀን። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ይወራጭ ጀመር። ንብ የወረረው ሰው ይመስል ነበር። እጁን ሲያነሳ እንጮሃለን፤ ሲዘረጋም እንጮሃለን። ወገቡን ሲሰብቅማ ምን እንደፈለገ ስለማይገባን የባሰ እንጮሃለን። እሱ ግን ላቡን እየጠረገ «አያችሁ!» ይለናል።

አንድ ጊዜ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰ። መቆም ስላቃተው ወንበር ላይ ተቀምጦ በሁለት ጣቱ መራን። የእጁን አንጓ ትንሽ ከፍ አድርጎ አየር ሲስብ ሁላችንም አብረን ሳብን። ጣቶቹ ዝቅ ሲሉ ድምፃችን ለሰለሰ። አጠገቤ የቆመውን ሰው ድምፅ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። መዝሙሩ ሲያልቅ ወደ ወንበሩ ጠጋ አልኩ።

«መምህር፣ ሁልጊዜ እንዲህ ቢመሩን ምን አለበት?» አልኩት።

«በሁለት ጣት? ታዲያ እኔን ማን ያየኛል፣ እመቤቴ?»

የቀለደ መስሎኝ ነበር።

ሞጣ አዲስ ትምህርት ቤት ሲመረቅ እንድንዘምር ተጠራን። በጭነት መኪና፣ በግንደወይን በኩል፣ አቧራ ስንቅም ሄድን። እሱ ድኖ፣ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጧል። መድረክ ላይ ስንወጣ ጀርባውን ለእኛ፣ ፊቱን ለሹማምንቱ ሰጠ። ከኮቱ ጀርባ ሌላ የምናየው አልነበረንም። የፊተኞቹ ጀመሩ፤ የኋለኞቹ ዘግይተው ተከተሉ፤ መሀል ያሉት ሁለቱንም ትተው የራሳቸውን መንገድ ያዙ። ሁላችንም ጨርሰን ዝም ካልን በኋላ እንኳ እሱ ገና አየሩን ይቀዝፍ ነበር።

«ወይ ጉልበት!» አሉ ከሹማምንቱ አንዱ፣ እያጨበጨቡ። ስለ መዝሙሩ ያነሳ የለም።

ብዙም ሳይቆይ በእድገት ወደ ዋና ከተማ ተዛወረ። በስንብቱ ግብዣ ላይ ተነስቶ፣ እሱ ከሄደ ቡድኑ ምን እንደሚሆን ማሰብ እንቅልፍ እንደነሳው ነገረን። እኛ እጃችንን ታጥበን ጠበቅነው። ጥብሱ እየቀዘቀዘ ነበር።