የሟቹ ስም ከምስክሮች ቡድን ውስጥ

ኤዲልማ ካይሴዶ ቡዌናቬንቱራ ወደብ አጠገብ ባለ የጠበቆች ቢሮ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ ማን ምን ማየት እንደሚችል መወሰን ነው። የቢሮው ሰነድ ሁሉ በአንድ ትልቅ ማከማቻ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል፤ እሷ ሠራተኛውን በቡድን በቡድን ትመድባለች። ሾፌሮቹ የጉዞ ፕሮግራም ያያሉ፣ ጸሐፊዎቹ ደብዳቤ። «ምስክሮች» የሚለውን ፎልደር የሚከፍቱት ግን አራት ጠበቆች ብቻ ነበሩ። የተደበቁ ሰዎች አድራሻ ያለው እዚያ ነው፤ አድራሻው ከወጣ ሰውዬው አለቀለት። ሥራ አስኪያጁ ሊያይ ፈልጎ እንኳ «ጌታዬ፣ ቢቆጡም ቢስቁም አይገቡም» ብላ መልሳዋለች።

ከአራቱ አንዱ ሄርሚንሱል አንጉሎ ነበር። ሰኞ ጠዋት ወንበዴዎች ቢሮው ደጃፍ ላይ ስድስት ጥይት አርከፈከፉበት፤ ወድቆ ሲያቃስትም ፊቱን በጫማቸው ረጋገጡት። ላፕቶፑን ይዘው ሄዱ። ኤዲልማ ደሙን በባልዲ ስታጥብ ዋለች።

እኛ ዘንድ ሟች ቢቀበርም ነፍሱ ዘጠኝ ቀን ከቤቱ አትወጣም። ቤቱ ውስጥ የተሠራለት የለቅሶ መሠዊያ በዘጠነኛው ቀን እስኪፈርስ ድረስ ስሙ ይጠራል፣ ይዜምለታል፤ ቀድሞ ስሙን ያጠፋ ሰው ነፍሱን ገፍትሮ እንዳስወጣ ነው የሚቆጠረው። እናቱ እማማ ክሪሳንታ የኤዲልማን እጅ ጨብጠው፣

«ልጄ፣ ከዚያ ኮምፒውተርሽም ቢሆን ዘጠኙ ሳይሞላ እንዳታጠፊብኝ» አሏት።

«አልነካውም እማማ፣ እምላለሁ።»

አይ ኤዲልማ! አለቃ ያልበገራት ሴት በእናት እንባ ተረታች። እኔም ብሆን እረታ ነበር፣ ምን ያስዋሸኛል?

አርብ ረፋድ ላይ ማን ምን እንደከፈተ የሚያሳየውን መዝገብ ከፍታ አየች። ሄርሚንሱል ከአርባ ደቂቃ በፊት የሳቱሪያ ሪያስኮስን አድራሻ ከፍቷል። ከተቀበረ ሦስት ቀኑ! ላፕቶፑን የወሰዱት ሰዎች በእሱ ስም ገብተዋል። ሳቱሪያ ማለት እነዚያ ወንበዴዎች ሰው በቁሙ ሲቆራርጡ በዓይኗ ያየች ብቸኛ ምስክር ናት። ኤዲልማ ስሙን ከቡድኑ ነቅላ ጣለች። ደወለች፤ ስልኩ አይነሳም። የሞተር ጀልባ ተከራይታ ሳቱሪያ ወደተደበቀችበት ወደ ወንዙ አፍ በረረች።

ስትደርስ በሩ ተገንጥሎ ወድቋል። ሳቱሪያ ምድጃዋ ሥር ተዘርግታለች፤ አንገቷን በገጀራ መትተዋታል፣ ጥርሷን አራግፈዋል፣ ምላሷንም ቆርጠው ጠረጴዛ ላይ ትተውታል። ልጇ ፍሮይላን ከዓሣ ማጥመድ ገና መመለሱ ነው፤ መቅዘፊያው ከእጁ አልወረደም።

«ማነው የነገራቸው?»

በሌላ ማላከክ ትችል ነበር። «እኔ ነኝ። የሞተ ሰው ስም ሳላጠፋ ትቼው፣ በእሱ ገቡ።»

«ለሞተ ሰው አዝነሽ የእኔን እናት አሳረድሻት? አንቺ እርጉም!»

በመቅዘፊያው ትከሻዋ ላይ አሳረፈባት፤ አጥንቷ ሲሰበር ለሁለቱም ተሰማቸው። ጭንቅላቷን ሊደግማት ሲሰነዝር በእጇ እንኳ አልመከተችም። ይሄኔ መቅዘፊያውን ወርውሮ እናቱ ላይ ተደፋ፤ ጩኸቱ አሁንም ከጆሮዋ አይወጣም።

ግራ እጇ እስከ ዛሬ ከትከሻዋ በላይ አይነሳም። ከሥራዋ ግን አልለቀቀችም።

ባለፈው ሰኔ ከአራቱ ሌላው ጠበቃ ዩበርኔይ ገበያ መሃል ተገደለ። ሚስቱ ሉስ ማሪና ደሙ በቀሚሷ ላይ ሳይደርቅ ሮጣ መጣች፤ ኤዲልማ ኮምፒውተሯን ከፍታ ስሙን ስትፈልግ አገኘቻት።

«ኤዲልማዬ፣ ዘጠኝ ቀን ብቻ! በእናትሽ ሞት!»

«አይሆንም እህቴ።»

«አውሬ! ገላው እኮ ገና ትኩስ ነው!» ብላ ፊቷ ላይ ተፋችባት።

ኤዲልማ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ በደህናው እጇ የዩበርኔይን ስም ከአንዱ ቡድን አወጣች፣ ከሁለተኛው አወጣች፣ «ምስክሮች» ከሚለውም አወጣች። ምራቁን የጠረገችው ከዚያ በኋላ ነው።