ዋጋ ተማኙ

በሹብራ ሰፈር፣ በዶክተር ናሽዋ መድኃኒት ቤት ወረፋ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ከፊቴ ይቆማል። በካይሮ የነሐሴ ሙቀት ከረባት ያስራል። ጫማው ተወልውሏል፣ ሶሉ ግን አልቋል። ጡረታ እስኪወጣ የመድኃኒት ዋጋ በሚተምነው መሥሪያ ቤት ሹም ነበር፤ ይህን ያልሰማ ካለ ራሱ ይነግረዋል።

ትናንት ባዶ የልብ መድኃኒት ካርቶን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ የታተመበትን ዋጋ በጣቱ መታ መታ አደረገ። ዋጋው ለዓመታት ንቅንቅ እንዳይል ውሳኔውን ከፈረሙት አንዱ እሱ ነው።

«በዚህ ዋጋ ስጪኝ፣ ልጄ። ሕግ ነው።»

«ጌታዬ፣ በዚህ ዋጋ ካርቶኑ ሞልቷል፤ የጠፋው ክኒኑ ነው። ፋብሪካው አያዋጣኝም ብሎ ማምረት አቁሟል። ከውጭ የመጣ አለኝ፣ በአምስት እጥፍ።»

«በሻንጣ ተደብቆ የገባ! እከስሻለሁ!»

«ይክሰሱኝ፤ ግን መጀመሪያ ክኒኑን ይዋጡ። ካቆሙ ስንት ቀን ሆነዎት?»

«እኔ አራት ቀኔ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የባለቤቴ ግን ዛሬ ጠዋት አለቀ።»

ከኋላ አንዲት ሴት «ዶክተርዬ፣ ለድሃ ብሎ ያረከሰልን ሰው ነው፣ አታስቁሚው!» ስትል ወረፋው በሳቅ ፈረሰ።

ሽማግሌው አሥር ፍሬ ብቻ ገዛ። ዘጠኙን ለባለቤቱ በመሐረብ ቋጥሮ ደረት ኪሱ ከተተ፤ አንዷን እዚያው ቆሞ ያለ ውኃ ዋጠ። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ፣ ክኒኑ ገና ከጉሮሮው ሳይወርድ፣ «ውሳኔው ግን ትክክል ነበር» አለ።