በስተውጭ የተቆለፈው በር

እስቲ የዚህችን ሴት ከንፈር ተመልከቱ። ከመንገዱ ማዶ ከቆመችው ጎረቤቷ ጋር እያወራች ነው፤ ድምፅ ግን አይወጣትም። ዲዳ እንዳትመስላችሁ። የሽመና መኪና ጆሮ በሚያደነቁርበት አዳራሽ ውስጥ ዕድሜዋን የገፋች ሴት ናት፤ እዚያ ጩኸት ዋጋ ስለሌለው ሰው የሚነጋገረው በከንፈርና በጣት ነው። የተበጠሰ ክር ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ስለምትቀጥል ባልደረቦቿ ቋጠሮ ይሏታል።

ይህን ቋንቋ ይዛ አልተወለደችም። ባሏ ሸማኔ ነበር። እሷ ትፈትላለች፣ እሱ ይሸምናል፤ ብርሃን እንዲገባ በሩን ወለል አድርገው ይውላሉ። የደከመው ወጥቶ ይናፈሳል፣ የራበው ይበላል። ከዚያ ፋብሪካው መጣ። እሱ በሳምንት የሚያወጣውን ጨርቅ መኪናው ከቁርስ እስከ ምሳ ይተፋው ጀመር። ገበያተኛውም ወደ ርካሹ ዞረ። በገበያተኛው አይፈረድም፤ ልጆቹን ያለበሰ ሰው ምን በወጣው። የሚፈረድባቸውስ «ሥልጣኔ ገባላችሁ» ብለው ሪባን የቆረጡት ናቸው። ለጨርቁ መጋዘን ሲሠሩ ለሠራተኛዋ መውጫ ማሰብ እንዴት ተሳናቸው?

ባልየው ፋብሪካ አልገባም አለ፤ ኩራት ያዘው። ቋጠሮ ኩራት ወጥ አይሆንም ብላ ገባች። እሱም ቀስ በቀስ ጓዳውን ተረከበ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሚስት ሆነህ ቀረህ እኮ» ይሉታል ጎረቤቶቹ።

«ቀላል መስሏችሁ ነው? ኑና ሽንኩርቱን ክተፉ» ይላቸዋል።

ቋጠሮ ጫጫታውን ለመደችው፤ ብናኙንም ለመደችው። ያልለመደችው የአዳራሹን በር ነው። የመግቢያው ጡሩምባ እንደተነፋ የሠራተኞቹ አለቃ ካቦው ከውስጥ ሆኖ በሩን በስተውጭ በዘበኛው በጓጉንቸር ያስከረችመዋል፤ ቁልፉን ዘበኛው ኪሱ ይከታል።

«ጌታው፣ አንድ ነገር ቢፈጠር በየት እንወጣለን?» ብላ ጠይቃው ነበር።

«ምን ይፈጠራል? በሩ ክፍት ከዋለ ጨርቁ እግር አውጥቶ ይሄዳል።»

«እርስዎም እኮ አብረውን ተቆልፎብዎታል።»

«እኔ ካቦ ነኝ» አላት፤ እሳት ማዕረግ ጠይቆ የሚያልፍ ይመስል።

ልጇ አድጋ እዚያው አዳራሽ፣ ከበሩ በራቀው ጥግ የተቀጠረች ዕለት ግን ቋጠሮ ለራሷ የቻለችውን ለልጇ መቻል አቃታት።

የፈራችውም አልቀረም። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከልጅቱ መኪና ጀርባ የተከመረው የጥጥ ብናኝ መጨስ ጀመረ። ልጅቱ ብትጮህ ማን ይሰማታል? በከንፈሯ «እሳት» አለች። ቃሉ ከከንፈር ወደ ከንፈር ዘለለ፤ መኪኖቹ ቆሙ። ገሚሶቹ በሩን ሲደበድቡ ገሚሶቹ እርጥብ ጆንያ ይዘው ወደ ጢሱ ሮጡ። ዘበኛው ቁልፉን እንደያዘ ሻይ ቤት ሄዷል። ደግነቱ ጢሱ ነበልባል ከመሆኑ በፊት በጆንያ ታፈነ። ዘበኛው ከንፈሩን እየጠራረገ ደርሶ በሩን ሲከፍት ልጅቱ በእናቷ እቅፍ ውስጥ ትስል ነበር።

«አያችሁ፣ ምንም አልተፈጠረም» አለ ካቦው፤ ላቡ ካገጩ እየተንጠባጠበ።

በማግስቱ በሩ እንደገና ተቆለፈ። መኪኖቹ ሲያጓሩ ቋጠሮ ከካቦው አፍንጫ ሥር ቆማ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። እሱ ያንን ቋንቋ የሴት ሐሜት ነው ብሎ ንቆ አልተማረውም፤ ጢሙን የምታማ መስሎት ጢሙን አስተካከለ። እሷ ግን «ጓጉንቸሩ እስኪወልቅ እናቁም፤ አስተላልፉ» ነበር የምትለው። መልእክቱ እስከ ጥጉ ዘለቀ። ልጅቱ መኪናዋን ቀድማ አቆመች፤ ሌሎቹ ተከተሉ።

«ማነው ያሳደማችሁ?» አለ ካቦው።

«ማንም ትንፍሽ አላለም፤ እርስዎስ የሰሙት አለ?» አለች አንዷ።

ጸጥታው ሥራ አስኪያጁን ከቢሮው አስወረደው። መጥቶ በሩን ቢገፋው ተቆልፏል።

«ክፈቱ!»

«በእርስዎ በኩል ነው የተቆለፈው፣ ጌታዬ» አለ ካቦው ከውስጥ።

«ቁልፉስ?»

«ዘበኛው ጋ።»

«ዘበኛውስ?»

ካቦው አፉን ሳይከፍት «ሻይ ቤት» ብለው ሴቶቹ መለሱለት።

ሥራ አስኪያጁ የገዛ በሩን እየደበደበ ቆየ። ትናንት በሴቶቹ ቡጢ ያልገባው ነገር ዛሬ በራሱ ቡጢ ገባው። ጓጉንቸሩ ያን ዕለት ወለቀ፤ በሩም ከውስጥ ሲገፋ እንዲከፈት ተደርጎ ተሠራ። ቋጠሮ እየሄደች ገፋ ታደርገዋለች፤ ይከፈታል፤ ትስቃለች፤ ትመለሳለች። ካቦው ሲያያት አንገቱን ይደፋል።

ቤት ሲደርሱ ባልየው ወሬውን ከልጁ ሰምቶ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይሄ ነው» አለ።

«አንበሳውን ተወው፣ የልጄ አባት» አለችው። «እኛ የፈለግነው ማስፈታት ነው።»

ራቱን አቅርቦ ዞር ሲል ቋጠሮ ተቀምጣበት እንቅልፍ ወስዷታል፤ ልጅቱ ፋብሪካ ከገባች ወዲህ እንዲያ ተኝታ አታውቅም። እፎይ ያሰኛል። ግን ጢስ እስኪታይ፣ ሥራ አስኪያጅ ውጭ እስኪቀር መጠበቅ ነበረበት? ጢሱ ነበልባል የሆነባቸው አዳራሾች የሉም?

እናንተም ነገ ሥራ ስትገቡ፣ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የመውጫውን በር ከውስጥ ግፉት። ካልተከፈተላችሁ እባካችሁ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ።